ፊትህ እስኪጠራ

በዚያች ባለ ሦስት ወንበር ፀጉር ቤት ውስጥ ከበሩ እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ለደንበኛ ደስ ይላል። አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ ኋላው እንዳያጥር ይቆጣጠራል፣ ሰው አላየኝም ብሎ ካሰበ ደግሞ ለራሱ ፈገግ ይላል። ለካርታ ግን ያ መስታወት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፈተናው ነበር። የሰው ፀጉር ለማየት ቀና ባለ ቁጥር ከደንበኛው ጭንቅላት በላይ የራሱ ፊት ብቅ ይልበታል።

ካርታ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም። ስሙን ያወጡለት ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አንድ ቀን ተራ እየጠበቁ ጋዜጣቸውን አጥፈው ልጁን ትኩር ብለው አዩትና፣

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ስሥለው የኖርኩትን አንተ በፊትህ ይዘኸው ትዞራለህ እኮ! ተራራው ይኸው፣ ሸለቆው ይኸው። ይሄ ቀዩ ደግሞ ገና ያልፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ራሱ ልጁ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ቀድሞ መሳቅ እንደሚሻል ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ተምሯል። በማግስቱ «ካርታ» ተባለ፣ በወሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ ጠፋ።

ብጉሩ የጀመረው በዚያው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ያኔ «ሃያ ሲሞላህ ይተውሃል» አሉት። ሃያ ሞላው። «ስታገባ ይተውሃል» አሉት። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ብጉሩም አልተወው፣ ሚስትም አልመጣች። ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ ወጥቶ የሚጠፋ፣ የኮረዳና የጎረምሳ ብጉር እንዳይመስላችሁ። ከጉንጩ ተነሥቶ በመንጋጋው ዞሮ አንገቱ ላይ የሚወርድ፣ ከቆዳው ሥር እንደ ባቄላ የሚጠነክር፣ ሲነኩት የሚያስጮህ ነው። በጎኑ ሲተኛ ያመዋል፣ ሸሚዙን ሲያጠልቅ ያመዋል። አንዱ ሲድን ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል፣ ከጎኑ ሌላው ቦታ ይይዛል።

ምክር ግን አላጣም። ፀጉር ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ለራሱ ፀጉር መላ ያጣል እንጂ ለሌላ ሰው ፊት መድኃኒት አያጣም። አንዱ ሎሚ አለው፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት። እናቱ ማር ቀባችው። ከአጠገባቸው ያለችው የሴቶች ፀጉር ሠሪ የጥርስ ሳሙና ቀባበት ብላው አንድ ሳምንት ሙሉ ፊቱ ጥርሱን የታጠበ መሰለ። እንቁላል ተው አሉት፤ ተወ። ቅባት ተው አሉት፤ ተወ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ሐሳብ ተው» አሉት። ሐሳቡ ብጉሩ እንደሆነ አልገባቸውም።

ካርታ ይህን ሁሉ የቻለው አንድ የሚኮራበት ነገር ስለነበረው ነው። እጁ ወርቅ ነው። በቶንዶስ ማንም ፀጉር ይቆርጣል፤ ጢም በምላጭ መላጨት ግን ሌላ ሙያ ነው። ካርታ ምላጭ ሲይዝ ሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቆዳውን በሁለት ጣቱ ወጠር አድርጎ የፀጉሩን አበቃቀል ተከትሎ ሲያወርደው ድምፁ እንኳን አይሰማም። ምናልባት ቆዳ ሲያም እንዴት እንደሚያም ከሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ይሆናል። ጥቁር እጀታ ያላትን ያችን ምላጭ የሰጡት አጎቱ ናቸው፤ ሙያውን የጨረሰ ዕለት ከራሳቸው ኪስ አውጥተው። ስለቱ በየሰው ይቀየራል፣ እጀታዋ ግን የሱ ብቻ ናት። ለምሳ እንኳን ሲወጣ ጠራርጎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጣት።

አጎቱ የእናቱ ታላቅ ወንድም፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሰው «ጋሽ ጢሞ» ይላቸዋል። ደረታቸው ላይ የሚደርስ፣ ግማሹ የሸበተ ጢም አላቸው። ሌላውን ሰው በሙሉ እየላጩ የራሳቸውን ለምን እንደማይላጩ ሲጠየቁ «ለሰው ስላጭ ለራሴ ጊዜ አጣሁ» ይላሉ። ይችን መልስ ሠላሳ አምስት ዓመት ተናግረዋታል፤ ሰውም ሠላሳ አምስት ዓመት ስቆላቸዋል።

ነገር የመጣው በባንክ ሠራተኛው በኩል ነው። በየሁለት ቀኑ ለመላጨት የሚመጣ፣ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። አንድ ማለዳ ሳይቀመጥ በሩ ላይ ቆመና ጣቱን ከአገጩ ሥር ቀሰረ። ሦስት ቀያይ ነገሮች ወጥተውበታል።

«ይሄን አያችሁ? እኔ በዕድሜዬ ብጉር አላውቅም። ይሄ ከሱ ነው የተጋባብኝ!» አለ።

ካርታ ቀድሞ ለመሳቅ ዘገየ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ፊቱን አዩት፣ ከዚያ እጁን አዩት፣ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አገጭ ዳበሱ። በዚያ ሳምንት «ፀጉር ብቻ» የሚል ሰው በዛ። በሚቀጥለው ሳምንት «ፀጉር ብቻ» የሚሉትም ወደ ሌላኛው ወንበር ማየት ጀመሩ። መምህሩ እንኳን «ሰሞኑን ቤቴ መላጨት ለምጄ» ብለው የደማ አገጫቸው ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፈው መጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ጢሞ ጠርተውት ዓይኑን ሳያዩ ተናገሩ።

«ለጊዜው ነው፤ ፀጉር ትቆርጣለህ። ጢም ግን ፊትህ እስኪጠራ ይቆይ።»

ምላጯን ከነፎጣዋ ወስደው የመጀመሪያው ወንበር አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ቆለፉ። ካርታ «እሺ ጋሼ» አለ። ሌላ ምን ይላል? ወደ ወንበሩ ተመልሶ የሚጠርገው ነገር ሳይኖር ማበጠሪያ ሲጠርግ ዋለ። ሆድ ባሰው። ብጉሩ ፊቱን ወሰደበት፣ ሴት ልጅ ቀና ብሎ ማየት ወሰደበት፣ ፎቶ መነሣት ወሰደበት። ይህን ሁሉ ችሎት ነበር። እጁን ይወስድብኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ካርታ የሄደው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነው።

ሐኪሟ በዕድሜ ከሱ ብዙም አትበልጥም፤ አነጋገሯ ግን እንደ አክስት ነው። አገጩን በጓንት ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ አንገቱን አየች፣ ጀርባውን አየች።

«እስካሁን ምን ምን ሞክረሃል?»

ዘረዘረላት። ከየፋርማሲው የገዛቸውን ቅባቶች፣ ሁለት ጊዜ የታዘዘለትን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፣ ማሩን፣ ነጭ ሽንኩርቱን። የጥርስ ሳሙናው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ፊትህን ጥርስ አደረግኸው ማለት ነው» አለች። ከዚያ ሳትስቅ ቀጠለች። «ስማኝ። ይሄ በመታጠብና ባለመታጠብ የመጣ አይደለም። ቆዳህ ውስጥ ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች ከልክ በላይ ይሠራሉ፣ መውጫው ይደፈናል፣ ከሥር ይቆጣል። የአንተ ከባዱ ዓይነት ነው፤ በሚቀባ አይመለስም። የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ጠንካራ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይወስዳል፣ በየጊዜው ደምህን እያየሁ ነው የምሰጥህ። ትችላለህ?»

ካርታ በአንድ እግር ስምንት ወር ቁም ቢባልም ዝግጁ ነበር። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ደሙ ተመርምሮ ጉበቱና የደሙ ቅባት ከታየ በኋላ ማዘዣውን ስትሰጠው ትእዛዙን በጣቷ እየቆጠረች ነገረችው። በቀን አንዴ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። መጠጥ የለም። ቫይታሚን ነው ብለው የሚሸጡለትን ሁሉ እሷን ሳይጠይቅ አይወስድም። መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ካቆመም በኋላ አንድ ወር ሙሉ ደም አይለግስም። ከፀሐይ ይጠበቃል። ከንፈሩ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይደርቃል፣ አፍንጫው ሊደማ ይችላል። ስሜቱ ከወትሮው ከከበደበት ሳይደብቅ ይነግራታል።

«ከሁሉም በላይ ደግሞ፣» አለች ድምፅዋን ከበድ አድርጋ፣ «ከዚህ ውስጥ አንዲት ፍሬ ለማንም አትሰጥም። በተለይ ለሴት። ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ አንዲት ፍሬም ብትሆን። ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ሊብስብህ ይችላል፤ እንዳትደነግጥ።»

ካርታ ሁሉንም ሰማ። የመጨረሻዋን ግን ጆሮው አልያዛትም፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

እንቁላል ተው ተብሎ አሥር ዓመት የቆየ ሰው፣ አሁን በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ምሳው ላይ እንቁላል በዘይት እየበላ እንክብሉን ይውጥ ጀመር። ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው በባዶ ሆዱ ስለሆነ የሚመቸው ምሳ ነበር። እሽጉንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከመስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረው። በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ቫዝሊን ከኪሱ አይለይም፤ በሁለት ፀጉር መካከል አንዴ ይቀባል። መምህሩ «ይሄን ያህል ከንፈር የሚቀባ ወንድ ያየሁት የሆነች ልጅ ሲጠብቅ ነው» አሉት። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪ ደግሞ ግንባሯ ላይ የወጣችውን አንዲት ፍሬ ብጉር እያሳየች መጣች።

«አንዲት ብቻ ስጠኝ። አንተ ሠላሳ አለህ አይደል እንዴ?»

«አይሆንም።»

«ምን ቆርጦህ ነው ለኔ ብጉር መድኃኒት የምትነፍገኝ? የጥርስ ሳሙናውን ማን ነገረህ?»

«እሱንማ አታስታውሺኝ! የኔ እህት፣ ይሄ በምታረግዢበትም በማታረግዢበትም ዘመን የማይቀለድበት ነገር ነው። ሐኪም ሂጂ።»

ተቆጥታ ወጣች። ለአንድ ሳምንት ሰላምታ ነሣችው፤ እሱም ቫዝሊኑን እየተቀባ ቻለው።

በአራተኛው ሳምንት ግን ሐኪሟ ያለችው ደረሰ። የነበረው ላይ አዲስ ወጣ፣ አዲሱ ላይ ሌላ። መምህሩ በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «አዲስ እትም ወጥቷል ማለት ነው» አሉ። እሳቸው ለወጉ አሉት እንጂ በሆዳቸው አዝነው ነበር። ካርታም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። መሳቢያውን አየ። በዚህ አካሄድ ያች መሳቢያ የምትከፈተው ለልጁ እንደሚሆን ታሰበው፤ ልጅ ደግሞ ያለ ሚስት አይመጣም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ጢሞ በሌላ በሽታ ተይዘው ነበር፤ በንጽሕና። የባንክ ሠራተኛው ከወቀሳቸው ቀን ጀምሮ ስቴሪላይዘሩ እረፍት የለውም። ስቴሪላይዘር ማለት ሰማያዊ መብራት ያላት፣ መቀስና ማበጠሪያ ግለው ተሕዋሲያን የሚሞቱባት ትንሽ የብረት ሣጥን ናት። ድሮ መቀስና ማበጠሪያ ብቻ ነበር የሚገባባት። አሁን ጋሽ ጢሞ ያገኙትን ይከቱባታል። የበሩን ቁልፍ ከተቱ፣ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ከተቱ። መምህሩ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ መነጽራቸውን ባወለቁባት ቅጽበት መነጽሩን ከተቱና፣ መምህሩ ዓለምን ለሩብ ሰዓት በጭጋግ ውስጥ አዩ።

አንድ ሐሙስ ካርታ ምሳውን አቀራርቦ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። እሽጉ የለም።

«ጋሼ፣ መድኃኒቴን አይተዋል?»

«አዎ፣ እላዩ ላይ ፀጉር ወድቆበት አይቼው...» አሉ ጋሽ ጢሞ ኩራት ቢጤ እየተሰማቸው። «የሚዋጥ ነገር እንዲህ ይቀመጣል? አስገብቼልሃለሁ።»

«የት?»

አገጫቸውን፣ ማለትም ጢማቸውን፣ ወደ ሰማያዊው መብራት ቀሰሩ። ካርታ በሁለት እርምጃ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጋል የዋለውን ሣጥን ከፈተው። የእሽጉ ላስቲክ ተጨማዷል፤ ለስላሳዎቹ እንክብሎች ፈነዳድተው፣ ቀልጠው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ከአንድ ማበጠሪያ ጋር አንድ አካል ሆነዋል። የሃያ ቀን መድኃኒት ነው።

ካርታ ማበጠሪያውን ከነመድኃኒቱ አንጠልጥሎ ቆመ። ከንፈሩን ሲነክሰው ተሰነጠቀ፣ ደማ።

«ምላጬን ወሰዱብኝ፤ እሺ አልኩ» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ሦስቱም ወንበር ወደሱ ዞረ። «ፊትህ እስኪጠራ አሉኝ፤ እሺ ብዬ መድኃኒት ጀመርኩ። አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ቀቀሉት! ታዲያ በምን ይጥራ ጋሼ? በምን ይጥራልኝ?»

ጋሽ ጢሞ አፋቸውን ከፈቱ። «ለሰው ስላጭ ጊዜ አጣሁ» ማለት ብቻ ነው የሚያውቁት። ማበጠሪያውን ከእጁ ተቀበሉና በንጹሕ ፎጣ ጠቀለሉት፤ ልክ ካርታ ምላጯን እንደሚጠቀልላት።

«እኔው ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔው እነግራታለሁ» አሉ። «ነገ አብረን ነው የምንሄደው።»

ሐኪሟ ፎጣውን ፈትታ ያየችውን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«ማበጠሪያው ብጉር ነበረበት?» አለች።

ጋሽ ጢሞ ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ እያዞሩ አንድም ሳያስቀሩ ተናዘዙ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። የተዘለለው ቀን ብዙ ስላልሆነ ሕክምናው እንደማይበላሽ፣ አዲስ ማዘዣ እንደምትጽፍ ነገረቻቸው። ካርታ ቶሎ ብሎ «ያመለጠኝን ለማካካስ ሁለት ሁለት ልዋጥ?» አላት።

«የልጅ ልጅ ማየት ከፈለግህ አንድ አንድ» አለች። «የባሰብህ ደግሞ ነግሬህ ነበር። መድኃኒቱ ሥራ ላይ ነው፤ ታገሠው።»

ጋሽ ጢሞ ለመነሣት ተነቃነቁና መልሰው ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ነገር... በምላጭ ይጋባል?»

«ብጉር? በምላጭም በትንፋሽም በመጨባበጥም አይጋባም።» እጇን ዘርግታ የካርታን ጉንጭ በባዶ እጇ ነካችው፤ ከእናቱ በቀር ማንም ነክቶት የማያውቀውን ጉንጭ። «ይኸው። ነገ እኔ ላይ አይወጣም። ስለቱ በየሰው ከተቀየረና ዕቃው ንጹሕ ከሆነ ምንም የለም። አንዳንድ ሰው ጢሙን ቶሎ ቶሎ ሲላጭ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተመልሶ ያድግና ይቀላል። ያ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ግን ብጉር ይለዋል።»

ካርታ ክራቫቱን ወደ ትከሻው የሚወረውረውን ሰው አስታወሰ። በየሁለት ቀኑ ነበር የሚመጣው፤ በመሀሉ ደግሞ ቤቱ እንደሚላጭ ራሱ ተናግሯል።

«አይጋባም፣ በዘር ግን ይወርዳል» ቀጠለች ሐኪሟ። «ከቤተሰባችሁ እንዲህ የነበረበት ሰው አለ?»

«የለም» አለ ካርታ። «እናቴ እንኳን አንድ ወጥቶባት አያውቅም።»

የጋሽ ጢሞ ኮፍያ መዞሩን አቆመ። ሐኪሟ ጢማቸውን አየት አደረገች፣ ጆሯቸው አጠገብ ጢሙ የሚጀምርበትን ቦታ ደግሞ ረዘም አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን መልሳ ማዘዣዋን መጻፍ ጀመረች። አስተዋይ ሴት ናት።

ከሕክምናው እስከ ፀጉር ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ጋሽ ጢሞ አንድ የጫማ መደብር ጋ ሲደርሱ ከመስኮቱ ፊት ቆሙ፤ ጫማ ግን አላዩም።

«እናትህ ታውቃለች» አሉ። «ሌላ ማንም የለም። መምህሩ እንኳን አያውቁም።»

«ምኑን ጋሼ?»

«እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ሃያ ዓመቴ ላይ ይሄ ጉንጬ ሰው የሚያየው አልነበረም። ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ ደንበኛ ሸሸ ብሎ ጠራኝና፣ ወይ ጢምህን አሳድግና ሸፍነው፣ ወይ ሥራ ፈልግ አለኝ። አሳደግሁት። ያው እስከዛሬ ሸፍኜዋለሁ።» በመስታወቱ ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ምስል አዩ። «ያን ቀን የተሰማኝን ረስቼው ነው ያንተን ምላጭ የቆለፍኩት እንዳልልህ አልረሳሁትም። እያወቅሁ ነው። ፈርቼ ነው። ደንበኛው አንተን ሲያይ እኔን ያየኝ እየመሰለኝ።»

ካርታ የተቀየመው ቅያሜ አሁንም ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ግን ከአጠገቡ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠ። አጎቱን ሃያ ዓመት ሆነው፣ አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ሲሉ አያቸው። አንጀቱን በሉት።

«ቫዝሊን ይፈልጋሉ?» አላቸው። ከኪሱ ያገኘው እሱን ብቻ ነበር።

ጋሽ ጢሞ ሳቃቸው መጣ። ተቀበሉትና ያልደረቀ ከንፈራቸውን ቀቡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ መቆሚያ የለውም፤ የተቀመጡት ሰባት፣ በሩ ላይ የተደገፉት ሦስት። መምህሩ ጋዜጣቸውን ይዘው ጥግ ላይ ናቸው። የባንክ ሠራተኛው ፀጉሩን ለመቆረጥ፣ ከካርታ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ካርታ የአንድ ተማሪ ፀጉር ጨርሶ ጨርቁን እያራገፈ ሳለ ጋሽ ጢሞ የመጀመሪያው ወንበር ጋ ሄዱ። ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። መሳቢያውን ከፈቱ። ፎጣውን መስታወቱ ሥር አስቀመጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ፣ ጀርባቸውን ለተሰበሰበው ሰው ሰጥተው።

«ካርታ» አሉ። «ጢም።»

የተሰበሰቡት ሰማይ ተገለበጠ ቢባል እንዲህ አይደነግጡም ነበር። ካርታ ፎጣውን ፈታ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው ያችን እጀታ ከያዘ። ደግሞ ፊቱ ከመቼውም በባሰበት ሰሞን ነበር፤ ያን ሁሉም ያያል።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለ በጆሯቸው።

«መምህሩ እስኪሞቱ ልጠብቅ? ላጨኝ ባክህ።»

መጀመሪያ በመቀስ አሳጠረው። የሠላሳ አምስት ዓመት ጢም በጨርቁ ላይ ወረደ። ከዚያ በቶንዶስ። ከዚያ የሞቀ ፎጣ አለበሳቸው፣ አረፋውን በብሩሹ ቀባ፣ አዲስ ስለት አስገባ። ምላጯ ጉንጫቸውን ስትነካ እጁ ሙያውን አስታወሰ። ከአረፋው ሥር ቆዳው ሜዳ አልነበረም፤ ጉድጓድ ላይ ጉድጓድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያደማቸው ነበር። ካርታ ግን ያን መሬት ያውቀዋል፤ በየማለዳው በራሱ ጣት ሲዳብሰው ነው የኖረው። የት ወጠር እንደሚያደርግ፣ የት ጫና እንደሚቀንስ፣ የት አልፎ እንደሚመለስ ሳያስብ ያውቃል። አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም።

ፎጣውን ሲያነሣ ሁለት ፊቶች በመስታወቱ ውስጥ ተደራርበው ታዩ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ የዳነ። ጉንጩ ያው፣ መንጋጋው ያው፣ ጉድጓዱም እዚያው በዚያው ቦታ።

ጋሽ ጢሞ ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከጥጉ ጋዜጣ ሲታጠፍ ተሰማ።

«እኔም እላለሁ» አሉ መምህሩ፣ «ይሄ ካርታ ከየት ተቀድዶ መጣ? ለካ አትላሱ እዚሁ ቤት ተሸፍኖ ኖሯል!»

ቤቱ ፈረሰ። ጋሽ ጢሞ ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከሳቁ የመጣው የቱ፣ ቀድሞ የነበረው የቱ እንደሆነ ለመለየት አላስፈለገም። ካርታም ሳቀ፤ ቀድሞ ሳይሆን፣ ከሰው እኩል።

ከወንበሩ ሲነሡ ጋሽ ጢሞ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ብጉር አይጋባም። ሐኪም ናት ያለችው። በሱ እጅ ያልተላጨ እዚህ ቤት ጢም አይላጭም። ቀጣይ!»

መምህሩ ጋዜጣቸውን ጥለው፣ የወረቀት ቁራጭ የለጠፉበትን አገጫቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው ተቀመጡ። የባንክ ሠራተኛው ያን ቀን ፀጉሩን ብቻ ተቆርጦ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ፤ ካርታ ክራቫቱን ራሱ ወደ ትከሻው ወረወረለትና፣ በየሁለት ቀኑ ሳይሆን በየአራት ቀኑ እንዲመጣ፣ ቤቱም እንዳይላጭ መከረው። አገጩ ጠራ።

ካርታም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ሳይደራርብ፣ ሳያካፍል ወሰደ። እሽጉ ግን ከዚያ በኋላ ቤቱ ነው የሚያድረው፤ ለዕለቱ የምትሆነውን ብቻ በኪሱ ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ወር አዲስ መውጣት ቆመ፣ በአምስተኛው ቅላቱ ለቀቀ። በስምንተኛው ወር አንድ ሰኞ ሐኪሟ አገጩን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ አንገቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ማዘዣዋን ዘጋች። ጠባሳው እንደሚቀር፣ ብጉሩ ግን እንደሄደ ነገረችው። እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገነ፤ የሃያ ሰባት ዓመት፣ አይ፣ አሁን ሃያ ስምንት ነው፣ ጎልማሳ በደረጃው ላይ ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ፀጉር ቤቱ ዝግ ቢሆንም ጋሽ ጢሞ ሰኞ ሰኞ ወንበር ሊወለውሉ ይገባሉ። ካርታ በሩን በርግዶ ገባ።

«ጋሼ! ጨረስኩ! ፊቴ ጠራ!»

አጎቱ ቀና አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጉንጫቸው ላይ የሁለት ቀን ጢም በቅሏል።

«ማን ጠየቀህ?» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ይልቅ ምላጭህን አምጣ።»